የእባብ ክፍሉ ፍሪጅ

የሸዋ ሮቢትን ግንቦት ላልቀመሰ ሰው ማስረዳት ትርፉ ድካም ነው። ጥላ ሥር ቁጭ ያለ ሰው ያልበዋል። ያላበው ሰው ውሃ ይጠጣል። ውሃው ደግሞ ከቧንቧው ሲወጣ ሻይ ቅጠልና ስኳር ብቻ ነው የሚቀረው። እንግዲህ እንዲህ ባለ አገር፣ በአንድ ሆስፒታል ውስጥ፣ መብራት በጠፋ ቁጥር የማይሞት አንድ ፍሪጅ ብቻ ቢኖር፣ ቁልፉን የያዘው ሰው ስንት ጠላት እንደሚያፈራ እናንተው ገምቱት።

ቁልፉን የያዘው አለባቸው ነበር። ዕድሜው ሃምሳ ሦስት፣ ሥራው ድሬሰር፣ ቁስል አጣቢ ማለት ነው፤ ዲፕሎማ የሚባል ነገር የለውም፣ ግን ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ እባብ የነደፈውን የይፋት ሰው ሲያክም ኖሯል። የሚሠራበት ቤት ሁለት ክፍልና አራት አልጋ አለው። ቤቱ ድሮ ነጮች የከፈቱት ክሊኒክ አካል ነበር። በላምባም በመብራትም የሚሠራውን ፍሪጅ ያስገቡት እነሱ ናቸው፤ «ይህ የእባብ መድኃኒት ከሞቀ አለቀለት፤ ከመድኃኒት ሌላ ምንም ነገር እንዳታስገባበት» ብለው አለባቸውን ያስማሉትም እነሱ ናቸው። ነጮቹ ከሄዱ ወዲህ አለባቸው ፍሪጁ ላይ የእህል መጋዘን ቁልፍ አንጠልጥሎ መሐላውን ሲጠብቅ ቆየ።

በ2001 ዓ.ም. ታዲያ ይህ ክሊኒክና ከመንገዱ ማዶ ያለው ጤና ጣቢያ ተዋሕደው «ቆላ በር ሆስፒታል» ተባሉ። ተዋሐዱ ማለት ለአፍ ይቀላል! ሁለት ካርድ ክፍል ነበር፣ አንድ ሆነ። ሁለት ላቦራቶሪ ነበር፣ እሱም አንድ ሆነ። አሥር ዓመት ተኳርፈው የኖሩት የሁለቱ ግቢ ዘበኞች አንድ በርና አንድ አግዳሚ ተሰጣቸው፤ እነሱም ጀርባና ጀርባ ሆነው ተቀመጡበት። በዚያው ሰሞን ቢፒአር የሚሉት የመሥሪያ ቤት ማሻሻያ መጣና እያንዳንዱ ክፍል ከበላይ በወረደው መዋቅር ላይ ቦታውን ይፈልግ ተባለ። ሁሉም ፈልጎ አገኘ። የእባብ ክፍሉ ግን ቢፈለግ ቢፈለግ የለም። መዋቅሩን ያወጡት ሰዎች ቆላ ወርደው የሚያውቁ አይመስለኝም።

ስለዚህ የክፍሉን ዕጣ የሚወስን አራት አባላት ያሉት ኮሚቴ ተቋቋመ። ሰብሳቢው ከበላይ አካል የተላኩት አቶ ታከለ ናቸው። አቶ ታከለ የደጋ ሰው ናቸው፤ ወደ ሸዋ ሮቢት ካፖርት ይዘው ነው የመጡት። በመጀመሪያው ቀን ካፖርቱን አወለቁ፣ በሁለተኛው ቀን ኮቱን አወለቁ፣ በሦስተኛው ቀን የሚወልቅ ነገር አጥተው በመዋቅሩ ወረቀት ራሳቸውን ሲያራግቡ አለባቸውን ወደ ቢሮ አስጠሩት። ዕለቱ ሰኞ ነበር።

«በመዋቅሩ የለም፣ አቶ አለባቸው» አሉት። «በመዋቅሩ የሌለ ነገር ደግሞ አይመራም፣ አይገመገምም፣ ደብዳቤም አይጻፍለትም።»

«መዋቅሩ ላይ ባይኖርም ማሳው ላይ አለ፣ ጌታዬ።»

«ምኑ?»

«እባቡ ነዋ!»

አቶ ታከለ ማራገባቸውን ለአፍታ አቆሙ፤ ወዲያው ግን ሙቀቱ አስታወሳቸውና ቀጠሉ። «ተነዳፊው ደብረ ብርሃን ይላካል። እርስዎም ሥራ አያጡም፣ ካርድ ክፍል ሰው ይፈልጋል።»

አለባቸው ደሙ ፈላ። «የጣርማበርን ዳገት በአይሱዙ በስንት ሰዓት እንደሚወጡት ያውቃሉ? እኔ ሰውየውን በነፍሱ ልጭንልዎ እችላለሁ። እዚያ የሚያወርዱት ግን ሬሳውን ነው።»

«ስሜታዊ አይሁኑ። ሐሙስ ከሰዓት ኮሚቴው ድምፅ ይሰጣል።»

አለባቸው ከቢሮው ወጥቶ ድምፅ የሚሰጡትን ሰዎች በልቡ ቢያስባቸው ወሽመጡ ቁርጥ አለ። ከሰብሳቢው ሌላ ያሉት ሦስቱም የገዛ ባልደረቦቹ፣ ሦስቱም ጥርስ የነከሱበት ሰዎች ናቸው። ሲስተር ጸደንያ፣ የነርሶቹ አለቃ፣ ለፋሲካ የገዛችውን ሁለት ኪሎ ቅቤ እሱ ምሳ በሄደበት ፍሪጁ ውስጥ ደብቃበት ነበር። ሲመለስ አወጣና መስኮቱ ላይ አስቀመጠው። ቅቤው ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ግድግዳውን ይዞ ግቢ ወረደ። ሐምዛ ፋርማሲስቱ ባለፈው ረመዳን ለማፍጠሪያ አንዲት ጠርሙስ ውሃ ላስቀምጥ ብሎ ቢለምነው፣ «አንተ ፋርማሲስት ሆነህ ይህን ትጠይቀኛለህ?» ብሎ በሰው ፊት አሳፍሮታል። የሰው ኃይሉ ጌታሰው ደግሞ ተደብቆ ያስገባትን ለስላሳ አለባቸው አውጥቶ ለበሽተኛ አጠጥቶበታል። አሁን እነዚህ ሰዎች ለእሱ ክፍል እጃቸውን ሊያወጡለት? ኧረ ወዲያ!

ይህን ሁሉ ለሰይዳ ነገራት። ሰይዳ የክፍሉ ጽዳት ሠራተኛ ናት፤ አሥራ ስምንት ዓመት አብራው ሠርታለች፣ እስከ ስምንተኛ ክፍል ተምራለች፣ ያሰበችውን ሳትናገር ውላ አታድርም።

«ጋሼ፣ ይክፈቱት» አለችው መወልወያዋን እየጠመዘዘች።

«ምኑን?»

«ፍሪጁን! ወላሂ እዚህ ግቢ ውስጥ የእባብ ክፍሉን የጠላ አንድ ሰው የለም። የጠሉት ያንን ቁልፍ ነው። ቀዝቃዛ ውሃ ያጠጧቸው፣ ሐሙስ ሁለቱንም እጃቸውን ያወጡልዎታል።»

«መሐላ አለብኝ እኮ፣ አንቺ ሴት!»

«ክፍሉ ሲዘጋ መድኃኒቱን የት ሊያኖሩት ነው? ኪስዎ ውስጥ?»

ከሰዓቱን ሙሉ አኮረፋት። ማክሰኞ ጠዋት ግን ሲገባ ቁልፉን ፈትቶ መሳቢያ ውስጥ ወረወረው። የላይኛው መደርደሪያ ላይ ሃያ ሰባቷን የመድኃኒት ብልቃጥ ደረደረ፤ ከሥሯ በነጭ ፕላስተር መስመር አሰመረ። «ከዚህ መስመር በላይ ውሃ የሚባል ዝር እንዳይል» አለ ለሰይዳ። ሰይዳም ወሬውን ይዛ ወጣች፤ ከሩብ ሰዓት በላይ አልፈጀባትም።

መጀመሪያ የመጣችው ሲስተር ጸደንያ ናት። ሁለት ጠርሙስ ይዛ በሩ ላይ ቆመች፣ ፍሪጁን አየች፣ አለባቸውን አየች።

«አመመህ እንዴ?» አለችው።

«አስገቢው እንጂ፣ እንዳልጸጸት።»

ቀጥሎ ሐምዛ መጣ፣ ቀጥሎ ጌታሰው፣ ቀጥሎ ሸሚዛቸው ጀርባቸው ላይ የተጣበቀ አቶ ታከለ ራሳቸው። አቶ ታከለ የመጀመሪያዋን ቀዝቃዛ ውሃ ሲጨልጡ ዓይናቸውን ጨፈኑ፤ ሲገልጡት አለባቸውን «ወንድሜ» አሉት። ከዚያ ወዲህ ያ ክፍል ሰው አልጠፋበትም። ሰው ውሃውን አስቀምጦ ይሄዳል፣ ይቀዝቅዝ አይቀዝቅዝ ብሎ ተመልሶ ይነካል፣ ትንሽ ይቀረዋል ብሎ አልጋ ጫፍ ላይ ቁጭ ይላል። አለባቸው ደግሞ ሥራው ሥራ ነው፤ ቁጭ ያለ ሰው ካየ ዝም አይልም።

«ሲስተር፣ ቆመሽ ከምትጠጪ ያችን እግር ያዢልኝ» አላት ጸደንያን። የእግሩ ባለቤት ማሽላ ስትጎለጉል የተነደፈች የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ናት፤ እግሯ እስከ ጉልበቷ አብጧል። አለባቸው እብጠቱ የደረሰበትን ቦታ በእስክሪብቶ ያሰምርና ሰዓቱን እዚያው እግሯ ላይ ይጽፋል፣ በየሰዓቱ። ጸደንያ እግሩን ይዛ መስመሮቹን አየች፤ ሦስት፣ አራት፣ አምስት ሰዓት። ስድስት ሰዓት ላይ ራሷ መጥታ ለካች። ውሃዋን ረስታው ሄደች፤ አለባቸው ግን ይህን ልብ አላለውም።

እሱ ልቡ የነበረው ሌላ ቦታ ነው። ፍሪጁ በተከፈተ ቁጥር፣ ጠርሙስ ከጠርሙስ ቋ ባለ ቁጥር፣ ዞር ብሎ የፕላስተሩን መስመር ያይ ነበር። ድምፅ እየገዛሁ ነው ብሎ አሰበ። በውሃ! ሃያ ሁለት ዓመት የጠበቅሁትን መሐላ በውሃ ለወጥሁት ብሎ በራሱ አፈረ። ደግሞ መልሶ፣ ክፍሉ ይትረፍ እንጂ የኔ ማፈር ምን ሊጎዳ ብሎ ራሱን አጽናና። እንዲህ ሲል ረቡዕ አለፈ።

ሐሙስ ጠዋት መብራት ጠፋ። ፍሪጁ በላምባ ላይ ዋለ። አራት ሰዓት ግድም አንድ ባጃጅ ግቢ ገባና ባለባጃጁ ትልቅ ሐብሐብ ታቅፎ ወረደ። አቶ ታከለ ለስብሰባው ማሳረጊያ ገዝተው የላኩት ነው። አለባቸው በሽተኛ ላይ ነበርና ሰይዳ ተቀበለችው። ሐብሐቡን የፍሪጁ ታችኛው መደርደሪያ ላይ ከተተች፣ በሩን ገፋች፣ አልዘጋ አለ፣ በጉልበቷ ገፋች፣ ግጥም አለላት። «ያረቢ፣ ይህን የሚያህል ሐብሐብ!» ብላ እየሳቀች ወደ ሥራዋ ሄደች። በሩ ግን ግጥም ያለው እሷ ዞር እስክትል ብቻ ነበር።

ከሰዓት ስምንት ሰዓት ላይ ኮሚቴው አዳራሽ ገባ። አለባቸው በር ላይ ይጠብቅ ተባለ። ገና አሥር ደቂቃ ሳይቆም ሰይዳ እየሮጠች መጣች። ነጅሙዲን የሚባል የቀወት ገበሬ ሚስቱን መሪያምን በባጃጅ አምጥቷል። የሽንኩርት ማሳ ውስጥ ቁርጭምጭሚቷን እባብ ነድፏታል። እባቡንም ገድሎ በማዳበሪያ ከረጢት ይዞታል፤ ማንነቱ ይታወቅ ዘንድ ሬሳውን ይዞ መምጣት የዚያ አገር ሰው ወግ ነው። አለባቸው ከረጢቱን ገለጥ አድርጎ አየ። አፈ ሰፊው፣ ጭንቅላተ ሰፊው፣ ክፉው ነው።

«አይዞሽ እቴ» አላት መሪያምን፤ ወደ ፍሪጁም ዞረ።

በሩ አንድ ጋት ክፍት ነበር። ሐብሐቡ ሆዱን ወጣ አድርጎ ይመለከተዋል። የፍሪጁ ሙቀት መለኪያ ከስምንት ዲግሪ ማለፍ የሌለበት ሃያ አንድ ላይ ቆሟል።

አለባቸው ወደ ላይኛው መደርደሪያ ተንጠራራ። «ገደልኳት» አለ ጮክ ብሎ፤ ነጅሙዲን መስማቱን እንኳ አላሰበም። ብልቃጦቹን አንድ በአንድ እያነሣ በመስኮቱ ብርሃን ላይ ያዛቸው። የጠራው ይሠራል፣ የደፈረሰው አይሆንም። የመጀመሪያዋ ደፍርሳለች። ሁለተኛዋም። ሦስተኛዋ ጠርታለች። የቀሩትን አሥራ አንዷንም አያት፤ አራቷ ደፍርሰዋል፣ ሰባቷ ደህና ናቸው። ሰይዳ አጠገቡ ቆማ «እኔ ነኝ፣ እኔ ነኝ በጉልበቴ የገፋሁት» እያለች ታለቅሳለች። «ዝም በይና ግሉኮሱን ስቀይ!» አላት። አምስት ብልቃጥ በግሉኮሱ ውስጥ ቀስ እያለ ወደ መሪያም ክንድ ወረደ። አለባቸው እግሯ ላይ መስመር አሰምሮ «ስምንት ተኩል» ብሎ ጻፈ፣ ከዚያም ቁጭ ብሎ ያችን መስመር አፍጥጦ ይመለከታት ጀመር። ነጅሙዲን በአልጋው ግርጌ በኩል ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ዱዓ ያደርጋል።

ዘጠኝ ተኩል ላይ እብጠቱ መስመሯን በሁለት ጣት አልፎ ነበር። አሥር ተኩል ላይ እዚያው ነው። መሪያምም ዓይኗን ገልጣ ሽንኩርቱን ውሃ ያጠጣው ማን እንደሆነ ባሏን ጠየቀችው።

«አልሐምዱሊላህ!» አለ ነጅሙዲን፤ አለባቸውን አንገቱን አቅፎ ሳመው።

አለባቸው ተነሣ። ቀኑን ሙሉ የታመቀችው ንዴት አሁን ነው የወጣችው። ፍሪጁን በረገደና ጠርሙሱን፣ ኮዳውን፣ ጆጉን እያነሣ በመስኮት ወደ ግቢው ይለቅ ጀመር። የጸደንያ ሄደ፣ የሐምዛ ሄደ፣ የጌታሰው ለስላሳ እየተንከባለለ ሄደ። በመጨረሻ ሐብሐቡን አነሣና ወረወረው። ሐብሐቡ የዘበኞቹ አግዳሚ ሥር ደርሶ ፈነዳ፤ ሁለቱ ኩርፈኞች ተያይዘው ብድግ አሉ። አለባቸው ቁልፉን ከመሳቢያ አውጥቶ ፍሪጁን ከረቸመና ወደ አዳራሹ ነጎደ።

ኮሚቴው ገና አልተበተነም። ድምፁን በአምስት ደቂቃ ውስጥ ጨርሰው፣ ሁለት ሰዓት ተኩል ሙሉ ቃለ ጉባኤው ላይ «እንዲቀጥል» ይባል ወይስ «ቀጣይነቱ እንዲረጋገጥ» በሚለው ሲከራከሩ ነበር።

«እንኳን ደስ አለዎት!» አሉ አቶ ታከለ ሲገባ አይተው። «በሙሉ ድምፅ! በሉ ሐብሐቡን ያስመጡልን።»

«ሐብሐቡ ግቢ ውስጥ ፈንድቷል» አለ አለባቸው። «ውሃችሁም እዚያው ነው። ስሙኝማ። እኔ ድምፃችሁን በቀዝቃዛ ውሃ ገዛሁ። ሐብሐቡ በሩን ከፍቶ አድሮ፣ ምን አድሮ፣ ከጠዋት ጀምሮ ከፍቶት ውሎ አራት ብልቃጥ መድኃኒት አበላሸብኝ። አንዲት ሴት በእጄ ላይ ልትሞትብኝ ነበር። የገደልኳት እኔ በሆንኩ ነበር እንጂ እባቡ አይደለም። አሁን ቁልፉን መልሻለሁ። ከእንግዲህ ጠበል እንኳ ቢሆን አይገባም! ይህን አውቃችሁ እንደገና ድምፅ ስጡ።»

«ቃለ ጉባኤው እኮ ተጽፏል» አለ ጌታሰው በቀስታ። ጸሐፊው እሱ ነበርና ሁለት ሰዓት ተኩሉ አንገበገበው።

አቶ ታከለ ላባቸውን ጠረጉ። ፊታቸው ቀልቷል፤ ይቆጡ ወይስ ይፈሩ አይታወቅም። «ይሰረዝ» አሉ። «እንደገና እንጠይቅ። ክፍሉ ይዘጋ የሚል እጁን ያውጣ።»

አለባቸው ዓይኑን መሬት ላይ ተከለ። የወንበር ድምፅ እስኪሰማ ጠበቀ፤ ምንም አልሰማም። ቀና ሲል የጸደንያ እጆች ጭኗ ላይ ናቸው።

«ቅቤዬን ይቅር አልልህም» አለችው። «እስክሞት አልልህም። እጄን ግን አላወጣም። ያችን ልጅ ራሴ ለክቻታለሁ፤ እብጠቱ ስምንት ሰዓት ላይ ቆመላት።»

«እኔም አላወጣም» አለ ሐምዛ። «ለውሃ ብዬ በገባሁ ቁጥር አልጋው ላይ አዲስ ሰው አያለሁ። ከማክሰኞ ወዲህ አራት ሰው። ከፋርማሲ መድኃኒቱን እየፈረምኩ አወጣለሁ እንጂ የት እንደሚሄድ አንድ ቀን ሄጄ አይቼው አላውቅም ነበር፣ ወላሂ አፍሬያለሁ።»

ጌታሰው ቃለ ጉባኤው ላይ አቀርቅሮ ራሱን በአዎንታ ነቀነቀ። አቶ ታከለ ደግሞ ወረቀታቸውን አጣጥፈው ጠረጴዛው ላይ አኖሩት። «እኔ ውሃዬን የጠጣሁበት አልጋ ላይ የነበረች ልጅ ትናንት በእግሯ ስትወጣ አይቻለሁ» አሉ። «ስለ መዋቅሩ ለበላይ አካል እኔ እጽፋለሁ። ክፍሉ ይጨመር እላለሁ። ይቀጥል።»

አለባቸው ለአራቱም እጅ ነሣ። ጌታሰው ግን የሰው ኃይል ሰው ነውና ዝም ብሎ አላለፈም። ብዕሩን አነሣ። «መልካም። አራት ብልቃጥ ተበላሽቷል ብለዋል። ተጠያቂ ሳይኖር ቃለ ጉባኤ አይዘጋም።»

«ልክ ነው» አለች ጸደንያ።

«ፍሪጁን ለባዕድ ነገር የከፈተ ሰው መቀጣት አለበት» አለ ሐምዛ፤ እውነቱን ነው፣ በሙያው ተሰምቶት ነው የተናገረው።

«በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ» አሉ አቶ ታከለ። «የሚደግፍ?»

አራቱም እጃቸውን አወጡ። አንድም ሳይጎድል፣ ሐብሐብ የላከውም፣ ለስላሳ ያስገባውም፣ ጠርሙሷን ስድስት ጊዜ የነካችውም።

«ይገባኛል» አለ አለባቸው። ከልቡ ነበር።

ማስጠንቀቂያው በማግስቱ ሳይሆን ሰኞ መጣ፣ ማኅተም ፍለጋ ስለዘገየ። አለባቸው ጓንት አድርጎ የመሪያምን ቁስል እየጠረገ ነበር፤ ያን ቀን ወደ ቤቷ ልትሄድ ነው። ነጅሙዲን ጫማዋን ይዞ ቆሟል። «አንብቢልኝ» አላት አለባቸው ሰይዳን።

ሰይዳ ፖስታውን ቀደደችና ማንበብ ጀመረች። ድምፅዋ እየወረደ፣ ፊቷ እየጠቆረ ሄደ። «...የሥራ ክፍሉን ንብረት ያለአግባብ በመጠቀምዎ... አራት ብልቃጥ... ወደፊት ተመሳሳይ ጥፋት ቢፈጽሙ...» አንገቷን ሰበረች። «እኔ ነኝ ያስቀጣሁዎት፣ ጋሼ።»

አለባቸው መጥረጉን አቁሞ ነበር። ፊቱ ላይ ፈገግታ ነበረ፤ ዓይኑ ግን እንባ ሞልቷል። ነጅሙዲን ግራ ገባው።

«ሹመት ነው እንዴ?» ብሎ ሰይዳን በሹክሹክታ ጠየቃት።

«ቆይ፣ ሰይዳ፣ ከላይ ጀምሪው እስቲ» አለ አለባቸው። «ለማን ነው የሚለው?»

ሰይዳ ወረቀቱን መልሳ ወደ ዓይኗ አስጠጋች። «ለእባብ ንድፊያ ሕክምና ክፍል ኃላፊ» ብላ አነበበች።

«ድገሚው» አላት።